ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት ታምቡሩን ክፈቱ

(አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎንደር ውስጥ ለፒክአፕ ባለቤቶችና ሹፌሮች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ስናገር የደጋገምሁትን ቀንሻለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።)

እንደምን አደራችሁ። ቦታ ያጣችሁ ወደፊት ቅረቡ፤ ከፊት ያሉት አግዳሚዎች ባዶ ናቸው። ትምህርት ቤት እያለንም ከፊት መቀመጥ አንወድም ነበር።

እኔ መምህር አይደለሁም። አውቶ ፓርኮ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ቡሎን በናፍጣ እያጠብሁ ነው ያደግሁት። አሁን የራሴ አሮጌ ደብል ጋቢና አለችኝ፤ ከነዳጁ ቀጥሎ ብዙ ጊዜዬን የምትበላው እሷ ናት። ዛሬ ስለ ኋላ ፍሬን ላውራ ያልሁት ማንም ስለማይጠይቀኝ ነው። የሚጠየቀው ሁልጊዜ ሞተር ነው። ሞተር ሲያንኳኳ ሰው እንቅልፍ ያጣል። የኋላ ፍሬን ሲሞት ግን ማንም አይሰማውም፤ የፊቱ ተሸክሞት ይሄዳል።

እውነትም ይሸከመዋል። ፍሬን ስትይዙ መኪናዋ አፍንጫዋን ትደፋለች፤ ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፤ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው። ባዶ ፒክአፕ ላይ ኋላው ባይዝም ልብ ላትሉ ትችላላችሁ። አሥር ኩንታል ጭናችሁ ወደ አዘዞ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ታምቡር ማለት ጎማው የሚታሰርበት፣ ድስት የሚመስል ብረት ነው። ከጎማው ጋር አብሮ ይሽከረከራል። ውስጡ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች አሉ፤ ጀርባቸው ላይ ታምቡሩን እየተፋተገ የሚይዝ ሸራ ተለጥፏል። ፔዳሉን ስትረግጡ ዘይቱ ትንሿን ሲሊንደር ይገፋል። ሲሊንደሯ ሸራዎቹን ወደ ውጭ ትገፋለች፤ እነሱም የድስቱን የውስጥ ግድግዳ ይይዛሉ። እግራችሁን ስታነሱ ሞላዎቹ መልሰው ይሰበስቧቸዋል። በቃ ይኸው ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1902 ያመጣው ሐሳብ ነው፤ ከ120 ዓመት በኋላም ፒክአፕ ላይ አልጠፋም። ርካሽ ነው፤ የእጅ ፍሬንም በቀላሉ ይገጠምበታል።

አንድ ብልሃት ግን አለው። በር ስር ታኮ አስገብታችሁ በሩን ብትገፉት፣ በገፋችሁት ቁጥር ታኮው ይበልጥ ይነክሳል። ታምቡር ውስጥም ከሁለቱ አንዱ ሸራ እንደዚሁ ነው። የሚሽከረከረው ብረት ራሱ እየጎተተ ያጠብቀዋል። ስለዚህ በትንሽ የእግር ጉልበት ብዙ ይይዛል። መዘዙም ከዚያው ይመጣል። ሸራው ዘይት ሲነካው አንድ ቀን ይንሸራተታል፣ ሌላ ቀን ድንገት ነክሶ መኪናዋን ወደ አንድ ጎን ይስባታል።

ስለ ቃላችን ትንሽ ልበል። ሞላ፣ ክሪክ፣ ታኮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ጎሚኒ፤ ሁሉም የጣሊያን ነው። ጣሊያን ጎንደር ላይ የቆየው ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም ነው። ፒያሳ ላይ ሕንፃውን፣ ጋራዥ ውስጥ ቃሉን ትቶ ሄደ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመኪና መመሪያ ስታነቡ ከመካኒካችሁ ጋር አልግባባ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ባለፈው ክረምት አንድ ጋሼ መጡ። ከደምቢያ እህል ያመላልሳሉ። የግራውን የኋላ ሸራ በዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያስቀይሩ ነው። አዲሱን ሸራ ገዝተው በፌስታል ይዘውታል። «ይች መኪና ሸራ ትበላለች» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መኪና ሸራ የሚበላው ሲርበው አይደለም፤ ሲያመው ነው። መጀመሪያ እንክፈተው» አልኋቸው።

ከፈትነው። ሸራው ጠቁሯል፤ እንደ ምጣድ ያብረቀርቃል። ጣቴን ከታች በኩል ካለው ቆርቆሮ ላይ አሻሽቼ አሸተትሁት። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ታምቡር ውስጥ ሁለት ዓይነት ዘይት ሊገኝ ይችላል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፤ ውሃ ስታፈሱበት ይታጠባል። የዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል፣ ዘይት ወፍራም ነው፤ ድኝ ድኝ ይላል፤ በውሃ አይለቅም። የእርሳቸው ሁለተኛው ነበር። ሦስት ጊዜ ሸራ የቀየሩላቸው ሰዎች ሦስት ጊዜ ጨርቅ አንስተው ጠርገውታል ማለት ነው።

ዲፈረንሻሉ ለምን አፈሰሰ? አክስሉ ላይ አውራ ጣት የማታክል መተንፈሻ አለች። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። የጋሼ መኪና መተንፈሻ በዋልካ ተደፍና ድንጋይ ሆናለች። አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም የአክስሉን ጫፍ የሚዘጋውን ጎማ አልፎ ሸራው ላይ ይወርዳል። መተንፈሻዋን በቤንዚን አጠብናት። የአክስሉን መዝጊያ ጎማ ቀየርን። ከዚያ በኋላ ነው በፌስታል ያለውን ሸራ ያወጣነው።

ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይመለስም፤ አትሞኙ። በቤንዚን ያጥቡታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል፣ አዲስ ይመስላል። ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ቤት ውስጥ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ሜዳ ቦታ ግን ያስፈልጋል፤ ጎንደር ላይ ደግሞ ሜዳ መፈለግ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ሲሚንቶ የሆነ ግቢ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ቡና ይዛችሁ ሂዱ።

የኋላው ታምቡር እንዲወጣ የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። ስለዚህ መኪናዋን የሚይዛት ሌላ ነገር የለም ማለት ነው። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ እሰሩ። የጎማውን ዳዶ መሬት ላይ እያለች አላሉ፤ ከዚያ በክሪክ አንሱ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ካቫሌቶ፣ መኪናዋን ተሸክሞ የሚቆመውን የብረት መቆሚያ፣ አስገቡ። ካቫሌቶ ከሌላችሁ ተዋሱ፤ ካላገኛችሁ ሥራውን ለሌላ ቀን አድርጉት። ብሎኬት ከስር የሚደረድር ሰው አይቻለሁ። ብሎኬት ቀስ ብሎ አይሰነጠቅም፤ በአንድ ጊዜ ነው የሚፈረካከሰው።

ታምቡሩ አልወጣ ካለ መዶሻ አታንሱ። ፊቱን በብረት ብሩሽ ጥረጉት፤ ብዙ የጃፓን ፒክአፕ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ስምንት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቡሎን አስገቡና አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ራሱን እየገፋ ይወጣል። ይህም አልሆን ካለ ሸራው ታምቡሩን በልቶ ጠርዝ አውጥቶበት፣ ጠርዙ ሸራውን ይዞት ነው። ከኋላ ባለው ቆርቆሮ ላይ በጎማ የተከደነች ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በኩል በካቻቢቴ ሸራውን ወደ ታምቡሩ የምታስጠጋውን ማጥበቂያ አላሏት።

ሲወጣ አቧራ አለ። ያንን አቧራ በአፋችሁ እፍ አትበሉት። በኮምፕሬሰርም አትንፉት። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ይገባባቸዋል፤ አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ካንሰር ያመጣል። አዲስ የምትገዙትም ውስጡ ምን እንዳለ ካርቶኑ ሁሌ አይነግራችሁም። ውሃ ከትንሽ ሳሙና ጋር በሚረጭ ጠርሙስ አድርጉና አርጥቡት፤ ከዚያ በጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። እኛ ልጅ ሆነን በኮምፕሬሰር እየነፋን፣ ፊታችን አመድ መስሎ እርስ በርስ እንሳሳቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው አያስቀኝም።

አሁን ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱት። ከላይ፣ ከጎን፣ ከስር። የትኛው ሞላ የት እንደተሰካ፣ መንጠቆው ወደየት እንደዞረ። እና አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ሳትገጥሙ ሌላውን አትክፈቱ። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ነው።

ለጋራዥ ሥራ ገና ጀማሪ እያለሁ ቀልጠፍ ያልሁ መስሎኝ ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ፈታሁ። ዕቃውን ሁሉ አንድ ሳፋ ውስጥ ዘርግፌ አጠብሁት። የሸራ ማጥበቂያዋ ጥርስ ያላት ትንሽ ቡሎን ናት፤ የግራዋና የቀኟ ጥርስ ተቃራኒ ነው። አንዷ ወደ ቀኝ ስትዞር ትረዝማለች፣ ሌላዋ ታጥራለች። እኔ አለዋውጬ ገጠምኋቸው። ሲገጠሙ ምንም ችግር አያሳዩም። መኪናዋ ወጣች፣ ባለቤቱ አመሰገነኝ። ነገር ግን ማጥበቂያዋ ራሷን በራሷ የምታስተካክል ናት፤ በአንዳንዱ መኪና ወደኋላ እየሄዳችሁ ፍሬን ስትይዙ፣ በአንዳንዱ የእጅ ፍሬን ስትስቡ ትንሽ ትንሽ ትዞራለች። የእኔዎቹ በዞሩ ቁጥር ማጥበቅ ትተው ያላሉ ነበር። ፔዳሉ በየቀኑ ጥቂት እየወረደ ሄደ። በሳምንቱ ሰውዬው ተመለሱ፤ አልጮሁም። «ልጄ፣ ፍሬኗ ወለሉን ልትስም ነው» ብቻ አሉኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሞላ ስትፈቱ መነጽር አድርጉ። የፀሐይም ቢሆን። ለሞላ የሚሆን ፒንሳ አለ፤ በካቻቢቴ ከመጎርጎር እሱን መዋስ ይቀላል። እኔ አንዴ በካቻቢቴ ስጎረጉር ሞላው አምልጦኝ አጥር ዘሎ ሄደ። ከጎረቤት ግቢ እትዬ በርበሬ አስጥተው ነበር። ሞላውን ከበርበሬው መካከል አንስተው በአጥሩ ላይ ሲያቀብሉኝ «የጠፋብህ ነገር አለ?» አሉኝ። ዓይኔን ቢያገኘውስ ኖሮ? የላላ ወይም በሙቀት ቀለሙ ሰማያዊ የሆነ ሞላ ካያችሁ መልሳችሁ አትግጠሙት። የሞላ ዋጋ ከሸራ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ግን ሸራውን ከታምቡሩ የሚያላቅቀው እሱ ነው። ካልሰበሰበው ሸራው እየታሸ ይሄዳል፤ ታምቡሩ ይግላል።

ሲሊንደሯን እንዴት ታዩዋታላችሁ? በሁለቱም ጫፍ አቧራ መከላከያ ጎማ አላት። በጥፍራችሁ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ገለጥ አድርጉት። ትንሽ እርጥበት ብቻ ከሆነ እለፉት። ጠብታ ከወረደ ውስጥ ያለው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚዘጋው ትንሽ ጎማ፣ አልቆለታል። ጎሚኒ ብቻ መቀየር ይቻላል፤ የሲሊንደሯ ውስጥ እንደ መስታወት ለስላሳ ከሆነ። ዝገት ወይም ጉድጓድ ካለበት ሙሉዋን ቀይሯት። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው የሚገጥሙ አሉ፤ ያ ከወር አያልፍም። ጎሚኒን ደግሞ በናፍጣም በቤንዚንም አትጠቡ። ያብጣል። በራሱ በፍሬን ዘይት ነው የሚታጠበው። በዚያው ልክ የፍሬን ዘይት ጎደለ ብሎ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምር ሰው ከላይ እስከ ታች ያለውን ጎሚኒ ሁሉ ይጨርሳል።

ሸራ መቼ ይቀየራል? ብዙ ፋብሪካ 1 ሚሊሜትር ሲቀረው ይላል። 1 ሚሊሜትር ከኤቲኤም ካርድ ትንሽ ቢወፍር ነው። እኔ እስከዚያ አልጠብቅም። በሪቬት የተመታ ሸራ ከሆነ ደግሞ የምትለኩት ከሪቬቱ ራስ በላይ ያለውን ነው። ታምቡሩ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ ከዚያ በላይ ከሰፋ ይጣላል። 295 ሚሊሜትር ሆኖ የተሠራ ታምቡር 297 ሲደርስ ዕድሜው አበቃ። ለማስላጨት ቶርኖ ቤት ስትወስዱት ያንን ቁጥር አሳዩአቸው፤ አንዱን ካስላጫችሁ ሁለተኛውንም አስላጩ። ሸራው ቆርቆሮውን የሚነካባቸው ነጥቦች ላይ ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣም በስሱ ቀቡ። በስሱ ነው ያልሁት። ቅቤ እንደተቀባ ፀጉር ያደረጉትን አይቻለሁ፤ እሱም ቀልጦ ሸራው ላይ ይወርዳል።

አሁን ብዙዎቻችሁን የሚነካ ነገር ልናገር። ባሌስትራ፣ ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመውን ንብርብር ብረት፣ የጨመራችሁ እጃችሁን አውጡ። አይ፣ አትፈሩ፣ ትራፊክ ፖሊስ የለም። ይኸው፣ ግማሹ። ብዙ ፒክአፕ ከኋላ አክስሉ በላይ፣ በዘንግ ወይም በሞላ ከአክስሉ ጋር የተያያዘች ቫልቭ አላት። ሥራዋ ጭነት መመዘን ነው። መኪናዋ ስትጫን ኋላዋ ዝቅ ይላል፤ ቫልቯ ይህን አይታ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ስትሆን ኋላዋ ከፍ ይላል፤ ያኔ ጎማው እንዳይቆለፍና እንዳይንሸራተት ግፊቱን ትቀንሳለች። እናንተ ባሌስትራ ጨመራችሁ፤ ኋላዋ አስራ አምስት ኩንታል ተሸክማም አልወርድ አለ። ቫልቯ መኪናዋ ባዶ ናት ብላ ታምናለች። ስለዚህ ፍሬን በጣም በምትፈልጉበት ሰዓት ኋላው ግማሽ ግፊት ነው የሚያገኘው። የፊቱ ይግላል፣ የፊት ሸራ ቶሎ ያልቃል፣ እናንተ የፊቱን ትወቅሳላችሁ። ባሌስትራ ከጨመራችሁ ቫልቯ መስተካከል አለባት። ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ የግፊት መለኪያ ይጠይቃል።

የፍሬን ዘይትን ሰው ይንቀዋል። ውሃ ይወዳል፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲገባበት ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የገባበት 155 ነው። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉን ትረግጣላችሁ፣ ስፖንጅ የረገጣችሁ ያህል ይገባል። ያረጀ ዘይት ለምን በየሁለት ዓመቱ ይቀየር እንደሚባል ከዚህ ታያላችሁ።

የሊማሊሞን መንገድ የማያውቅ እዚህ የለም። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከነጭነቷ 2.5 ቶን የምትመዝን ፒክአፕ 1,000 ሜትር ስትወርድ፣ ፍሬን ብቻ ይዟት ቢሆን፣ የሚወጣው ሙቀት 80 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አራት ጀሪካን! ለዚያውም እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሂሳቡን በጎንደር አድርጌው ነው። ያ ሁሉ ሙቀት አራት ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ይረዝማል። ስለዚህ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ይያዛት። ፍሬኑን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ አስተንፍሱት። እግርን ፔዳል ላይ አስቀምጦ መውረድ ማለት ታምቡሩን ምድጃ ላይ ጥዶ መሄድ ነው።

ቱቦ ከፈታችሁ ወይም ሲሊንደር ከቀየራችሁ አየር ማስወጣት አለባችሁ። ሁለት ሰው ነው። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከስር ይከፍታል። የሚጀመረው ከሩቁ ጎማ ነው፤ መሪያችን በግራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የቀኝ ኋላ ይሆናል። ረጋጩ «ይዣለሁ» ሳይል አትክፈቱ፤ ከስር ያለው «ዘጋሁ» ሳይል እግሩን እንዳያነሳ። ባልና ሚስት ሆነው ሲሠሩ ያየኋቸው አሉ፤ ፍሬኑ ተሠራ፣ እነሱ ግን ለሁለት ቀን አልተነጋገሩም። የዘይት ማጠራቀሚያው እንዳያልቅ እያያችሁ ሙሉ፤ ዘይቱ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት፤ ቀለም ይልጣል።

ታምቡሩን ስትመልሱ በእጅ ሲዞር ትንሽ ሽው ሽው ማለት አለበት። ፈጽሞ ዝም ካለ ላልቷል፤ በእጅ አልዞር ካለ ጠብቋል። የእጅ ፍሬኑን ገመድ ከዚህ በፊት እንዳትነኩ። ብዙ ሰው ሸራው ላልቶ እያለ ገመዱን ያጠብቃል፤ ያኔ ማጥበቂያዋ መሥራት ታቆማለች። መጀመሪያ ሸራ፣ ቀጥሎ ገመድ። ሞተር ሳታስነሱ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ደንድኖ ካልቆመ ከግቢ አትውጡ። ከዚያ ሰው የሌለበት ቦታ በእግር ፍጥነት ሞክሯት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ጭነት አታብዙባት፤ ሸራና ታምቡር እስኪተዋወቁ።

ጥያቄ እንድትጠይቁኝ ጊዜ ልተው። እሺ፣ አንቺ እህቴ።

«የቻይናውን ሸራ ልግዛ ወይስ ኦርጅናሉን?»

ኦርጅናል የተባለው ሁሉ ኦርጅናል ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ካርቶኑን ትቼ ሸራውን ነው የማየው። ሸራው ከብረቱ ጋር የተለጠፈበት ጠርዝ ላይ ጥፍርሽን አስገቢ፤ ክፍተት ካገኘሽ አትግዢው። ታምቡሩን ይዘሽ ሂጂና ሸራውን ውስጡ አስቀምጪው፤ ኩርባው ከታምቡሩ ጋር ገጥሞ መቀመጥ አለበት። ጫፍና ጫፉ ብቻ ነክቶ መሃሉ ክፍት ከሆነ ሌላ አምጣ በይው። ሻጩ ቢያኮርፍም።

ከኋላ ያሉት ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ።

«የእኔ መኪና ስቆም የሚቃጠል ነገር ይሸታል፤ በቀኝ በኩል። አሁንም ግቢው ውስጥ ቆማለች።»

እየነዱ ከመጡ ገና ትኩስ ናት፤ ይህ ጥሩ ነው። እጅዎን ታምቡሩ ላይ እንዳያሳርፉ፤ ውሃ ጠብ አድርገን እናየዋለን። ግራው ላይ ጠብታው ዝም ብሎ ከደረቀና ቀኙ ላይ ቸስ ካለ፣ ወይ ሞላው ደክሟል ወይ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ አልመለስ ብሏል። ገመዱን እንጠረጥራለን፤ ክረምት አልፎ የለ? ሸራ እስካሁን አልገዙም አይደል? ጥሩ። ሁላችንም እንውጣ። ታኮ ያለው ሰው ይቅደም።